መላምቴ ውድቅ ሆነ፤ ሁለት ዓመቴ ባከነ ማለት ነው?

ህሊና_ላብ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የሚያማክረኝ ሰው ፈለግኩ።

የሁለተኛ ዲግሪ ቴሲስ እየሠራሁ ነው። መላምቴ ቀላል ነበር። ከአንድ ተክል ቅጠል በአልኮል የማወጣው ንጥር የአንድን ባክቴሪያ እድገት ቢያንስ በ30 በመቶ ይቀንሳል አልኩ። ቁጥሩን ሙከራውን ከመጀመሬ በፊት ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ሦስት ዙር ሠራሁ። በመጀመሪያው ምንም ለውጥ የለም። የእጄ ስህተት መስሎኝ በሁለተኛው ሁሉንም ነገር ከዜሮ አዘጋጀሁ። አሁንም የለም። በሦስተኛው የናሙናውን ብዛት እጥፍ አደረግኩ። ንጥሩ ያለበትም የሌለበትም እኩል ያድጋል።

አማካሪዬ ውጤቱን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ «ዳታውን እስቲ በሌላ በሌላ መንገድ ከፋፍለሽ እዪው፤ የሆነ ነገር አይጠፋም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንድመረቅ ፈልጎ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሁለት ዓመት ለፍቼ የማቀርበው «አልሠራም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው? የተሳሳተ መላምት ለሳይንስ ምን ይጠቅማል? የምር ነው የምጠይቀው። ለማጽናናት ብላችሁ አትመልሱልኝ።

---

ናሆም77

ህሊና፣ ለማጽናናት ሳይሆን ያለውን ልንገርሽ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ብርሃን ሞገድ እንደሆነ ታምኖ ነበር። የባሕር ሞገድ ውሃ ይፈልጋል፣ ድምፅ አየር ይፈልጋል። ታዲያ ከፀሐይ ተነስቶ ባዶ ሕዋ አቋርጦ የሚመጣው ብርሃን በምን ላይ ነው የሚጓዘው? «ኤተር» የሚባል የማይታይ ነገር ሕዋውን ሁሉ ሞልቶታል ተባለ። ሞኝነት እንዳይመስልሽ። በዘመኑ የነበሩ ትልልቅ የፊዚክስ ሰዎች ሁሉ የተስማሙበት ነው።

ምድር ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች ነው። ኤተር ካለ ምድር እየቀዘፈችው ነው የምትሄደው። ስለዚህ ወደ ምድር ጉዞ አቅጣጫ የተላከ ብርሃንና ወደ ጎን የተላከ ብርሃን ደርሰው ለመመለስ የሚፈጅባቸው ጊዜ በጥቂቱ ይለያያል። አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ በ1887 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ይህን ልዩነት ሊለኩ ተነሱ። መሣሪያቸውን ትልቅ የድንጋይ ጠፍጣፋ ላይ ተከሉት። ድንጋዩን ደግሞ ሜርኩሪ በሚባል ፈሳሽ ብረት ላይ አንሳፈፉት፣ ያለ ንዝረት እንዲዞር። ብርሃኑን በመስታወት እያመላለሱ መንገዱን ወደ 11 ሜትር አስረዘሙት። ሁለቱ ብርሃኖች ተመልሰው ሲገናኙ የብርሃንና የጥላ መስመር ይፈጥራሉ፤ ኤተር ካለ መሣሪያው ሲዞር መስመሩ ይህን ያህል ይንቀሳቀሳል ብለው አስቀድመው አሰሉ።

መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። ያዩት ለውጥ ይሆናል ብለው ካሰሉት አንድ ሃያኛ እንኳ አልሞላም።

ማይክልሰን ደስ አላለውም። ኤተርን ሊያገኝ ነበር የተነሳው። ግን የእሱ «አልተንቀሳቀሰም» በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ፊዚክስን ከእግር እስከ ራሱ አስመረመረው። መሣሪያውስ? ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። በመስከረም 2015 (እ.ኤ.አ.) የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ላይጎ በመሠረቱ የዚያው መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው፤ ክንዶቹ ብቻ 4 ኪሎ ሜትር ሆነዋል። ያልነበረ ነገር ለመፈለግ የተሠራ ዕቃ በ128 ዓመቱ ያለ ነገር አገኘ።

---

ተጠራጣሪው

ናሆም የጻፈው ትክክል ነው። ግን ስለ ውድቅ መላምት ሲነሳ ሁሌ ማይክልሰን መጠራቱ ትንሽ ያስፈራኛል። እሱን የምናስታውሰው በኋላ የአይንስታይን አንጻራዊነት የሚባል ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ስለመጣ ነው። ከሺዎቹ ውድቅ መላምቶች አብዛኞቹ ወደ የትም አልመሩም። ህሊናን «አንቺም እንደ ማይክልሰን ነሽ» ብንላት ውሸት ነው። እሷም እንደዚያ አልጠየቀችም።

እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ህሊና፣ መላምትሽ ውድቅ ሆነ ወይስ ሙከራሽ ማየት አልቻለም? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሚዛኑ የተበላሸ ሰው «ዕቃው ክብደት የለውም» ቢል ስለ ዕቃው ምንም አልነገረንም። ባክቴሪያውን በእርግጥ የሚገድል የታወቀ መድኃኒት ጎን ለጎን አስገብተሽ ነበር? ንጥሩ ውስጥ የፈለግሽው ነገር መኖሩን አረጋግጠሻል? እነዚህን ካልመለስሽ «አልሠራም» ሳይሆን «አላወቅኩም» ነው የሚባለው።

---

ህሊና_ላብ

ተጠራጣሪው፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

አዎ፣ የታወቀ አንቲባዮቲክ በሦስቱም ዙር ነበረ። በሦስቱም ዙር እድገቱን ቀጥ አድርጎ አቁሞታል። አልኮሉን ብቻውን ያደረግኩበት ኮንትሮልም (ማነጻጸሪያ) ነበረ፤ እሱ ምንም አላደረገም። የንጥሩን ይዘት ውህዶችን ለይቶ በሚያሳየው ዘዴ፣ በክሮማቶግራፊ፣ አይቻለሁ፤ የምፈልገው ውህድ አለ። አምስት የተለያየ መጠን ሞክሬያለሁ። በሦስተኛው ዙር በነበረኝ የናሙና ብዛት የ10 በመቶ ልዩነት ቢኖር እንኳ ማየት እችል ነበር። 30 በመቶማ በግልጽ ይታይ ነበር።

---

ተጠራጣሪው

እንግዲያው ውጤት አለሽ። ንጹሕ ውጤት። ቁጥር ቀድመሽ አስቀምጠሻል፣ መሣሪያው እንደሚያይ አሳይተሻል፣ ከዚያ የለም ብለሻል። «ይህ ንጥር በእነዚህ መጠኖች ይህን ባክቴሪያ በ10 በመቶ እንኳ አይቀንስም።» ይህ ስለ ዓለም የተነገረ እውነት ነው። ከብዙ «ሠርቷል» ከሚሉ ቴሲሶች ይልቅ እኔ ይህን አምናለሁ።

---

ዶክተር_ሽበት

ልጄ ህሊና፣ ሐኪም ነኝ፤ ከጡረታ ብዙም አልራቅኩም። ይህን ጥያቄ ወጣት ሳለሁ ማንም አልመለሰልኝም። ስለዚህ ትንሽ ልጻፍ።

በ1900 ኩባ ውስጥ ቢጫ ወባ ሰውን ይጨርስ ነበር። የአብዛኛው ሐኪም እምነት በሽታው በበሽተኛው ልብስና አልጋ ይተላለፋል የሚል ነው። ስለዚህ አልጋ ልብስ ይቃጠል፣ ዕቃ በመድኃኒት ይታጠብ ነበር። ካርሎስ ፊንላይ የሚባል ኩባዊ ሐኪም ግን ከ1881 ጀምሮ «ትንኝ ናት» ይል ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በዋልተር ሪድ የሚመራ የአሜሪካ ጦር የሐኪሞች ቡድን ሁለቱንም ሊፈትን መጣ።

አንድ ትንሽ የእንጨት ቤት ተሠራ። አየር እንደ ልብ የማይገባበት፣ በምድጃ የሚሞቅ። በቢጫ ወባ የሞቱና የታመሙ ሰዎች ያቆሸሹት አንሶላና ልብስ ተሰብስቦ ገባ። ከዚያ ፈቃደኛ ሰዎች በዚያ አንሶላ ላይ 20 ሌሊት ተኙ። የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ሌሎች ተተኩ። ሽታው ብቻ ሰውን ወደ ውጭ ያስሮጥ ነበር። አንድም ሰው አልታመመም።

አጠገቡ ሌላ ንጹሕ ቤት ነበር። መሐሉ በወንፊት ሽቦ ተከፍሏል። በአንዱ ወገን ትንኝ ተለቀቀች፣ በሌላው ወገን የለችም። ትንኝ ባለችበት የገባው ታመመ። በሌላው ወገን ያው አየር እየተነፈሱ የተኙት ደህና ሆኑ።

ሰው ሁሌ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ቤት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ቤት ነው የሚገርመኝ። አንሶላው እንደማያስተላልፍ በግልጽ ባይታይ ኖሮ ግማሹ ጉልበት አሁንም አንሶላ ማቃጠል ላይ ይውል ነበር። የመጀመሪያው ቤት «እዚህ አትድከሙ» አለ፤ ሁለተኛው «እዚያ ድከሙ» አለ። በቀጣዩ ዓመት ሃቫና ላይ ትንኝ የማጥፋት ዘመቻ ተከፈተ፤ በሽታው ከከተማዋ ጠፋ።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልንገርሽ።

ልባቸው ከታመመ በኋላ የልብ ምታቸው የሚዘባረቅ ሰዎች በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ምቱን የሚያስተካክል መድኃኒት ከሰጠን ሞት ይቀንሳል ተባለ። መላምቱ ከማማሩ የተነሳ መድኃኒቶቹ በስፋት ይታዘዙ ነበር። በኋላ ካስት የሚባል ትልቅ ሙከራ ተደረገ፣ ግማሹ ሰው መድኃኒት ግማሹ የማስመሰያ ክኒን እየወሰደ። በ1989 ከሙከራው ውስጥ የሁለቱ መድኃኒቶች ክፍል በጥድፊያ ቆመ። መድኃኒቶቹ ምቱን አስተካክለዋል። የሚወስዱት ሰዎች ግን የማስመሰያውን ከሚወስዱት ከእጥፍ በላይ እየሞቱ ነበር።

ከዚህ በፊት በ1980 አንድ ቡድን ከዚያው ዘር የሆነ ሎርካይናይድ የሚባል መድኃኒት ከ100 በማይበልጡ ሰዎች ላይ ሞክሮ ነበር። ማስመሰያ ከወሰዱት አንድ ሰው ሞተ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን በብዙ እጥፍ ሞቱ። ተመራማሪዎቹ አጋጣሚ ነው ብለው አሰቡ። መድኃኒቱም በንግድ ምክንያት ተተወ። ውጤቱ አልታተመም፣ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የወጣው በ1993 ነው። እነሱ ራሳቸው ቀድመን አትመነው ቢሆን ማስጠንቀቂያ ይሆን ነበር ብለው በግልጽ ጻፉ። ይህን በመጻፋቸው አከብራቸዋለሁ።

በመሐል ባሉት ዓመታት ስንት ሰው ያን መሰል መድኃኒት ዋጠ? እኔም ለበሽተኞቼ የማዝዘው መጻሕፍት የሚሉትን አይቼ ነው። «አልሠራም» የሚለው ወረቀት ከመሳቢያ ካልወጣ እኛ በምን እናውቃለን? ያንቺን ከመሳቢያ አውጪው።

---

ማርታ.ኤ

ዶክተር፣ እንባዬ መጣ። እናመሰግናለን።

---

የኮከብ_ወዳጅ

እስቲ ወደ ሰማይ ልውሰዳችሁ። አንድ ሰው በአንድ ዓይነት አስተሳሰብ አንዴ ትክክል አንዴ ስህተት ሲሆን ማየት ብዙ ያስተምራል።

ዩራኑስ የምትባለው ፕላኔት በስሌቱ መሠረት መሄድ ባለባት መንገድ አትሄድም ነበር። ፈረንሳዊው ኡርባን ለቬርየ የኒውተንን ሕግ አልተጠራጠረም። «ያላየናት ፕላኔት እየሳበቻት ነው» አለ። የት እንዳለች አሰላና በርሊን ላለው ለዮሐን ጋለ ደብዳቤ ጻፈ። ጋለ ደብዳቤው በደረሰው ሌሊት፣ መስከረም 23 ቀን 1846 (እ.ኤ.አ.)፣ ቴሌስኮፑን አዞረ። ኔፕቱን ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች።

ከዚያ ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነችው ፕላኔት ሜርኩሪ ቀረች። የእሷም ምህዋር በጥቂቱ ይዛነፋል። ዛሬ በምንጠቀመው ቁጥር በ100 ዓመት 43 አርክሰከንድ። አንድ ዲግሪ 3,600 አርክሰከንድ ነው፤ ስለዚህ እጅግ ትንሽ ነገር ናት። ለቬርየ በ1859 ያንኑ መልስ ሰጠ፦ ከሜርኩሪና ከፀሐይ መሐል ሌላ ፕላኔት አለ። ስሙም ወጣለት፣ ቩልካን። አየሁት የሚሉም ተነሱ። አሥርተ ዓመታት ተፈለገ። የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ቁጥር ቴሌስኮፕ ተሸክመው ሮጡ። የለም። ለቬርየ በ1877 ሲሞት ገና እያመነበት ነበር።

በኅዳር 1915 አይንስታይን አዲሱን የስበት ንድፈ ሐሳቡን ይዞ የሜርኩሪን ምህዋር አሰላ። 43ቱ ወጣ። ፕላኔት አያስፈልግም፤ ሕጉ ራሱ ነበር የሚስተካከለው።

እኔ የምለው ይኼ ነው። ቩልካን ባይፈለግ ኖሮ 43ቱ አርክሰከንድ «የሆነች ፕላኔት ትሆናለች» ተብላ ትታለፍ ነበር። ሰዎቹ ፈልገው ፈልገው ስላጡ ነው ቁጥሯ እንደ እሾህ ተሰክታ የቀረችው። አይንስታይን ሲመጣ የሚፈተንበት ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

---

ሶስና_ታሪክ

ከላይ ያሉት ሁሉ ደስ ይላሉ። እኔ የምወደው ግን የዶሮዎቹ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም አንድ መላምት ሲወድቅ የተተካውም መላምት ስህተት ነበር።

በ1880ዎቹ ክርስቲያን አይክማን የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወዳለችው የጃቫ ደሴት ተላከ። ቤሪቤሪ የሚባለውን በሽታ ሊያጠና ነው። እግር ይይዛል፣ ልብ ያደክማል፣ ይገድላል። ዘመኑ የባክቴሪያ ዘመን ነበር። ለሁሉም በሽታ ጀርም ይፈለጋል። አይክማንም የቤሪቤሪን ጀርም ፍለጋ ገባ። ዶሮዎች ላይ ከበሽተኛ ሰው የተወሰደ ነገር ሲወጋ ዶሮዎቹ እግራቸው መያዝ ጀመረ። ደስ አለው! ግን ያልተወጉት የኮንትሮል ዶሮዎችም ያዛቸው። ከዚያ ሁሉም በድንገት ዳኑ።

እዚህ ጋ ነው የሰውየው ጨዋነት። «ዳታው ተበላሸ» ብሎ ሊጥለው ይችል ነበር። አልጣለውም። ምን ተለወጠ ብሎ መረመረ። ዶሮዎቹ በታመሙበት ጊዜ ከወታደር ሆስፒታል የተረፈ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ ነበር። ከዚያ ሌላ ወጥ ቤት መጣና የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም አለ። ያልተፈተገ ሩዝ ተሰጣቸው፤ ዳኑ።

የጀርም መላምት በዚህ ወደቀ። አይክማን ሌላ አመጣ፦ ነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ አለ፣ ገለባው ውስጥ ደግሞ ማርከሻው። ይህም ስህተት ነው። ግን ይህ ስህተት ጥሩ ጥያቄ ወለደ፦ ሰዎችስ? በጃቫ ወደ 100 የሚጠጉ እስር ቤቶች ተጎበኙ፣ ማን ምን ዓይነት ሩዝ እንደሚበላ ተመዘገበ። ነጭ ሩዝ በሚበላበት ቤሪቤሪ እጅግ ይበዛል። ከዚያ የእሱን ቦታ የተካው ኼሪት ክራይንስ በ1901 መርዙን ፈልጎ አጣው። «መርዝ የለም። የጎደለ ነገር አለ» አለ። አይክማንም በኋላ ተቀበለው። ያ የጎደለው ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ነው። አይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ሲካፈል ጀርሙም መርዙም ውድቅ ሆነው ነበር።

ህሊና፣ ልብ በይ፤ የኮንትሮል ዶሮዎቹን ባይመዘግብ ኖሮ ይህ ሁሉ የለም።

---

ፍቅር_ለኬሚስትሪ

እኔም ባጭሩ ላክልበት። ፖሊንግ የሚያህል ኬሚስት በ1953 መጀመሪያ ላይ የዘር መረጃን የሚይዘው ዲኤንኤ ባለ ሦስት ዘንግ ነው፣ ፎስፌቱም ወደ ውስጥ ነው ብሎ አሳተመ። ስህተት። በኋላ ትክክለኛውን ቅርጽ ያገኙት ዋትሰንና ክሪክ ራሳቸው በ1951 መጨረሻ ተመሳሳይ ሞዴል ሠርተው ዲኤንኤን በኤክስሬይ ታጠና የነበረችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን አይታ አፈረሰችባቸው። የውሃው መጠን ልክ አይደለም፣ ፎስፌቱ ወደ ውጭ ነው መሆን ያለበት አለች። ስለዚህ የፖሊንግን ወረቀት ሲያዩ የት ጋ እንደሚፈርስ ወዲያው አወቁ። እነሱ ራሳቸው እዚያው ጉድጓድ ገብተው ወጥተዋላ።

---

ጀማሪ_አንባቢ

ይቅርታ፣ እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሳይንስ ይህን ያህል የሚሳሳት ከሆነ ዛሬ የሚሉንን ለምን እናምናለን? ነገ እሱም ውድቅ ይሆናል ማለት አይደለም?

---

ተጠራጣሪው

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ አያስፈልገውም።

ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁን ሎርድ ኬልቪንን ውሰድ። በ1862 ምድር ቀልጣ ጀምራ እየቀዘቀዘች ነው ብሎ ዕድሜዋን ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት አደረገው። በኋላ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን አወረደው። ዛሬ 4.5 ቢሊዮን ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። ከመቶ እጥፍ በላይ ተሳስቷል። ግን መንገዱን ሁሉ አሳይቷል፦ ይህን ወሰድኩ፣ ይህን አሰላሁ፣ ይህ ወጣ። ስለዚህ የቀድሞ ረዳቱ ጆን ፔሪ በ1895 ጣቱን ቦታው ላይ አሳረፈ። «የምድር ውስጧ ሙቀትን በደንብ የሚያዘዋውር ቢሆንስ? ያኔ ስሌትህ በብዙ እጥፍ ይለወጣል» አለው። ብዙ ሰው ኬልቪንን የጣለው በአለት ውስጥ ሙቀት የሚያመነጨው ራዲዮአክቲቪቲ ነው ይላል። ዋናው ጉድለት ግን ፔሪ የጠቆመው ነው፤ ከእግራችን በታች ያለው አለት በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ኬልቪን የተሳሳተበት ቦታ ራሱ ስለ ምድር ውስጥ ነገረን።

በሌላ በኩል ፍሎጂስተንን እይ። ነገር ሲቃጠል ፍሎጂስተን የሚባል ነገር ይወጣል ይባል ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነበር። እሳትን፣ ዝገትንና ትንፋሽን በአንድ ገመድ አስሯል፤ ያ ማሰሪያ ደግሞ ልክ ነበር። ግን ብረት ተቃጥሎ አመድ ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል። አንድ ነገር ወጥቶበት እንዴት ይከብዳል? አንዳንዶቹ ደጋፊዎች ምን አሉ? «ፍሎጂስተን ክብደቱ ከዜሮ በታች ነው።» እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሞተው። ምንም ቢመጣ የማይወድቅ ሆነ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮአዚየ ሚዛኑን አመነና ገለበጠው፦ የሚወጣ ሳይሆን ከአየር የሚገባ ነገር ነው፤ ኦክስጅን።

ስለዚህ እኔ የምፈራው የሚወድቅ መላምትን አይደለም። የማይወድቀውን ነው። የዛሬውንም የማምነው ሊጥሉት ሞክረው ሞክረው ስላቃታቸው ነው። የመሬት መዞርን፣ የጀርምን ነገር፣ የኦክስጅንን ነገር ነገ ማንም ተነስቶ አይገለብጠውም። የሚስተካከለው ጠርዝ ጠርዙ ነው።

---

ጀማሪ_አንባቢ

አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።

---

ዳታ_ሠራተኛ

ስለ አማካሪዋ ምክር ማንም አልተናገረም፤ እኔ ልናገር። በስታቲስቲክስ ነው የምተዳደረው፤ ይህ ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው።

ህሊና፣ እባክሽ ዳታውን አትቆራርጪው። ምንም ነገር በሌለበት ዳታ ላይ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት፣ እርስ በርስ የማይነካኩ 20 ክፍፍሎች ብትሞክሪ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ትርጉም ያለው» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። አማካሪሽ «የሆነ ነገር አይጠፋም» ያለው እውነቱን ነው፤ አይጠፋም። ግን ያገኘሽው ነገር ስለ ተክሉ ምንም አይልም። ስለ ሙከራሽ ብዛት ነው የሚናገረው። ከዚያ ሌላ ተማሪ ያንን አንብባ ሁለት ዓመት ትለፋበታለች።

ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ሥርዓቱ ነው እንዲህ የሚገፋው። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ዘንድ የተመዘገቡ 74 የድብርት መድኃኒት ሙከራዎችን ተከታተለ። 38ቱ ውጤታቸው ጥሩ ነበር፤ 37ቱ ታተሙ። 36ቱ ጥሩ አልነበሩም ወይም አጠራጣሪ ነበሩ። ከእነዚህ እንዳለ የታተሙት 3 ብቻ ናቸው። 22ቱ ጭራሽ አልታተሙም። 11ዱ ደግሞ ጥሩ ውጤት እንዲመስሉ ተደርገው ታተሙ። ጆርናል ብቻ የሚያነብ ሐኪም ከ100 ሙከራ 94ቱ ሠርቷል ብሎ ያምናል። እውነቱ ግማሽ ገደማ ነበር። ዶክተር_ሽበት የተናገሩት መሳቢያ ይኼ ነው።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። አንዳንድ ጆርናሎች አሁን ጥያቄሽንና ዘዴሽን ገና ዳታ ሳትሰበስቢ ይገመግማሉ። ዘዴው ጥሩ ከሆነ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እናትማለን ብለው ቃል ይገባሉ። አንቺ ቁጥርሽን ቀድመሽ በመጻፍሽ የዚያን ግማሽ መንገድ ሳታውቂ ሄደሻል። ያ ማስታወሻ አለሽ አይደል? ቀኑ ያለበት? እንዳትጥዪው። ለመርማሪዎችሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሳዪያቸው።

---

ህሊና_ላብ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ። ዶክተር፣ የእርስዎን ለእናቴም አነበብኩላት።

ትናንት አማካሪዬን አገኘሁት። ማስታወሻዬን ይዤ ገባሁ። ቁጥሩን የጻፍኩበትን ገጽ አሳየሁት፣ የአንቲባዮቲኩን ውጤትም ጎን ለጎን አደረግኩለት። ዳታውን እንደማልቆራርጥና ለምን እንደማልቆራርጥ ነገርኩት፤ 64 በመቶዋንም ጨምሬ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ብዙ ሳይናገር አነበበ። ከዚያ «ርዕሱን እንግዲህ እንዴት ትዪዋለሽ?» አለኝ። «በእነዚህ መጠኖች እድገቱን እንደማይቀንስ» አልኩት። ጻፈው። ከዚያ እሱ ራሱ ወጣት ሳለ መሳቢያ ውስጥ የተወው አንድ ሥራ እንዳለ ነገረኝ። ስለዚያ ብዙ አልጠየቅኩትም።

አሁን የውይይቱን ምዕራፍ እየጻፍኩ ነው። የሚገርመው፣ ሌሎች ለምን «ይሠራል» እንዳሉ ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። ሠራ ከሚሉት ካገኘኋቸው ጽሑፎች በአንዳንዶቹ አልኮሉን ብቻውን የፈተሹበት ኮንትሮል የለም። የቀነሰው አልኮሉ ይሁን ተክሉ አይታወቅም። ይህን ለመፈተሽ አንድ አጭር ሙከራ ጨምሬያለሁ። የአልኮሉን መጠን ወደ እነሱ ደረጃ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው።

---

ተጠራጣሪው

አሁን ያመጣሽው ከመጀመሪያው መላምትሽ የተሻለ መላምት ነው። እሱንም ቁጥሩን ቀድመሽ ጻፊ።

---

ቢኒ_ማይክሮ

ህሊና፣ ክሩን ያገኘሁት ዛሬ ነው፤ ልቤ መምታት ጀመረ። ካልተሳሳትኩ በዚያው ተክል ላይ ፕሮፖዛል እየጻፍኩ ነው። እኔም በአልኮል ልሠራ ነበር፣ እኔም ያንኑ ባክቴሪያ። በሚቀጥለው ወር ልጀምር ነው። ስሙን በግል ብትልኪልኝና የተጠቀምሽባቸውን አምስቱን መጠኖች ብትነግሪኝ ትልቅ ውለታ ነው።

---

ህሊና_ላብ

ቢኒ፣ የተክሉን ስም በግል ልኬልሃለሁ። አዎ፣ ያው ነው። በአልኮል አትድከም። ሠንጠረዡን፣ ሦስቱንም ዙር፣ የእጄ ስህተት የመሰለኝን የመጀመሪያውን ሳይቀር፣ ነገ ጠዋት እዚሁ እለጥፈዋለሁ። በውሃ የሚወጣውን ንጥር ግን አልሞከርኩትም፤ እሱ ክፍት ነው። ከሞከርከው ውጤቱን እዚህ ጻፍልኝ፤ ባይሠራም ጻፈው።